ዋክስ የነካው በር

«እትዬ ላጲስ» የሚል ስም የወጣላት ከጋውኗ ኪስ የተማሪ ላጲስ ስለማይጠፋ ነው። በመኪና እጥበት ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይታለች። ሌላው አጣቢ ጣሪያውንና ኮፈኑን ወልውሎ እጁን ሲያራግፍ፣ እሷ ገና ተንበርክካ በበሩ ዙሪያ የተለጠፈውን ጎማ ጥግ ጥጉን ትፈትሻለች። መኪና የሚታወቀው በጠርዙ ነው ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ የራሱን እጥበት ቤት በከፈተ በሳምንቱ የመጀመሪያው የሙሽራ መኪና መጣለት። ደስታ አቻኮለው። በበሮቹ ግርጌ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ በማጣበቂያ ወረቀት ሳይሸፍን፣ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ቀለም የሚያወዛውን ዋክስ ለቀለቀው። ዋክሱ ደረቀ፤ ፕላስቲኩና የበሮቹ ጎማ ዱቄት የተነፋባቸው መሰሉ። ሙሽራይቱ ልትወጣ የቀራት አንድ ሰዓት ነው። ይህ ሥራ ከተበላሸ አዲሱ ቤት ገና በሳምንቱ ስሙ ይጠፋል። ለእህቱ ደወለ።

ስትደርስ የጎማ ማጥቆሪያ ጠርሙስ ይዞ አገኘችው።

«አስቀምጠው» አለችው።

«እታለም፣ አንዴ ብቀባው እኮ ነጩ ድራሹ ይጠፋል።»

«ሙሽራይቱ የምትለብሰው ምንድን ነው?»

«ቬሎ ነዋ፤ ነጭ።»

«ስትገባ ቀሚሷ ምኑን ይነካል?»

ወንድሟ የበሩን ጎማ አየ። ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠ።

ለብ ያለ የሳሙና ውሃ አስመጣች። ጎማውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈተገችው፤ አረፋው ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ አነሳችው። የፕላስቲኩ ሸካራ ፊት ግን ዋክሱን በጉድጓዶቹ ይዞ አልለቅ አለ። ያን ጊዜ ላጲሷን አወጣች።

መኪናውን ሊወስድ የመጣው ሚዜ ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል። «እትዬ፣ የፊደል ስህተት መሰለዎት እንዴ?»

«ፊደል ቢሆንማ በማን ዕድሌ። ይሄ የወንድሜ የእጅ ጽሑፍ ነው።»

ሚዜው ሳያስበው ሳቀ። ወንድሟ ቀና ሳይል በሌላው በር በኩል መፈተጉን ቀጠለ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ልትለው አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር፤ ዋጠችው። እየለቀመ ላለ ሰው ምን ይነገራል? ፕላስቲኩን በላጲሷ ስንዝር በስንዝር አሸችው፤ ፍርፋሪውን እፍ ብላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ጥቁሩ እንደ ጥንቱ ብቅ አለ።

የሙሽራይቱ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። እህትና ወንድም እጃቸውን ሳይታጠቡ ተከትለው ሄዱ። ሰው ሁሉ የሙሽራይቱን ፊት ሲያይ፣ እትዬ ላጲስ የቀሚሱን ጫፍ ታያለች። ቀሚሱ የበሩን ጎማ ከላይ እስከ ታች እየታከከ ገባ። ሚዜው ጫፉን ሰብስቦ ሲያስገባ አገላብጦ አየው፤ ወተት ነው። አንገቱን አዙሮ ወንድሟን ፈለገ።

«የሚቀጥለው እሑድ የመሞሸር ተራው የእኔ ነው» አለው። «መኪናዬን ላንተ ነው የማመጣው።»

ሲመለሱ ወንድሟ እጁን ዘረጋ። «እታለም፣ ላጲሱን ትተሽልኝ ሂጂ።»

«አልተውልህም» አለችው ወደ ኪሷ እየመለሰችው። «አንተ ማጣበቂያ ወረቀት ግዛ። እሑድ ደግሞ መኪናውን ጥላ ሥር አቁመው።»