ያለምዘርፍ ዶት ኮም

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የፋሲካ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። በማን እንደምናደድ ባውቅ እንኳ ይቀለኝ ነበር። በአጎቴ እንዳልናደድ አዛውንት ናቸው። በራሴ እንዳልናደድ ያላስረዳሁት ነገር የለም። ስሙን በወሰደው ሰው እንዳልናደድ መልኩን አላውቀውም።

ጎንደር አራዳ አካባቢ ትንሽ ቢሮ አለችኝ። ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ድረ ገጽ መሥራቱ አያደክመኝም፤ የሚያደክመኝ ማስረዳቱ ነው። ሰው «ኢንተርኔት ላይ ስም አውጪልኝ» ብሎ ይመጣል። ስሙ በየዓመቱ እንደሚታደስ ስነግረው ኪሱ ውስጥ እጄን የከተትኩበት ይመስል በጎሪጥ ያየኛል።

አጎቴ አያ ምስጋናው ደባርቅ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ስሜን ተራራ ለመውጣት የሚመጡ ፈረንጆች እዚያ ያድራሉ። ማረፊያውን ያቆመችው ባለቤታቸው ያለምዘርፍ ነበረች። እኔንም እስከ አሥረኛ ክፍል ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷ እያለች ቤቱ ስም አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ «ያለምዘርፍ ቤት» ነበር የሚለው። ስታርፍ አጎቴ ይህንኑ የቤቱ ስም አደረጉት። እኔም በስሟ ድረ ገጽ ልሠራላቸው ተነሳሁ።

ያን ቀን ቢሮዬ አስቀምጬ እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው።

«አያ፣ ድረ ገጹ ቤቱ ነው እንበል። ስሙ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚያደርሰው አድራሻ ነው። ሰው ስልኩ ላይ ያለምዘርፍ ዶት ኮም ብሎ ሲጽፍ፣ ስሙ መርቶ እኛ ቤት ያስገባዋል።»

«ሸጋ!»

«ስሙን ግን አንገዛውም፤ እንከራየዋለን። በየዓመቱ ይታደሳል።»

«ምነው? ስም ይታደሳል እንዴ? እኔ ምስጋናው ከተባልሁ ስንት ዘመኔ፤ አድስ ያለኝ የለም።»

«የንግድ ፈቃድዎ ይታደስ የለም ወይ?»

«እሱማ የመንግሥት ነው። ያለምዘርፍን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ለማን ነው የማድሰው?»

በሌላ በኩል ልምጣ አልኩ። የቀበሌ ቤትም ኪራይ ካልተከፈለ እንደሚነጠቅ ነገርኳቸው።

«ቤቱን ይነጥቁኛል እንጂ ምስጋናውነቴን ይነጥቁኛል?» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሲያስተምሩኝ ለዚህ ጥያቄ መልሱን የነገረኝ አልነበረም። በመጨረሻ «እሺ፣ ደንቡ እንዲያ ከሆነ በእኔ ስም ይመዝገብ» አሉ። በሰው ስም የተያዘ መሬት ምን እንደሚያመጣ ፍርድ ቤት ተመላልሰው ያውቁታል። እኔ አውቅልዎታለሁ ብላቸውም አልሰሙኝም። ስለዚህ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ስሙን በብር ተከራየንና በእሳቸው ስልክ፣ በእሳቸው ኢሜይል አስመዘገብኩት። ጊዜው ሊያልቅ ሲል መልእክት እንደሚመጣላቸው፣ ያኔ እንዲደውሉልኝ ደጋግሜ ነገርኳቸው። መልእክት የሚከፈትበትንም እስኪለምዱት አሳየኋቸው።

ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ እኔው ደወልኩ።

«አያ፣ ያ መልእክት አልመጣም?»

«መጥቷል፤ አይቼዋለሁ። ገና ብዙ ጊዜ አለው፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ደስ አለኝ። አንዳንድ ሰው የብዙ ዓመቱን አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው እንደዚያ አድርጎላቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በፋሲካው ሳምንት ደባርቅ ያለ አንድ አስጎብኚ ደወለልኝ። በፊት እዚያ ቤት አድራ የሄደች አንዲት እንግዳ ጽፋለት ነው። «ትርንጎ፣ ያለምዘርፍ ቤት ቁማር ቤት ሆነ እንዴ?» አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ስሙን ጻፍኩ።

የሚሽከረከር መንኮራኩር መጣ። የወርቅ ሳንቲም ከላይ ይዘንባል። አንዲት ከወገቧ በላይ ልብስ ለበሰች የማትባል ልጅ ጣቷን እየቀሰረች ተጫወቱ ትላለች። ከሁሉም በላይ፣ ከላይ ባለው መስመር ላይ፣ የአክስቴ ስም ተጽፏል። አክስቴ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማትቀምስ፣ ዘፈን ሲጮህ ራዲዮ የምትዘጋ ሴት ነበረች። ቢሮ ውስጥ የነበረው ደንበኛ እንዳያይብኝ ኮምፒውተሩን አዞርኩት።

አጎቴ ስደውልላቸው በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር ገቡ። ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ።

«ይኸው መልእክቱ፤ አንብቢው። የሚያልቀው በሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነው ይላል። ዘንድሮ ስንት ነው? ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ገና ስምንት ዓመት አለኝ!»

ስልኩን ተቀበልኩ። ማሳሰቢያው በተከታታይ መጥቷል። አንዱም ሳይከፈት የቀረ የለም፤ ሁሉንም አንብበዋቸዋል። ጊዜው ካለፈ በኋላ እንኳ ለባለቤቱ የሚሰጥ የምሕረት ጊዜ አለ፤ እሱንም የሚናገር መልእክት መጥቶ ተነብቧል።

«አያ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው!»

«በፈረንጅ?»

«ፈረንጅ ከእኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድም የለም እንዴ?»

«እሱንማ አውቃለሁ! የማሳድረው ማንን ሆነና? ግን በእኔ ስም ለተመዘገበ፣ በብር ለከፈልሁበት፣ ደባርቅ ላለ ቤት በፈረንጅ ምን አስቆጠራቸው?»

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ጮህኩ። በአዛውንት ላይ መጮህ ነውር መሆኑን ባውቅም ጮህኩ። ስሙ እንደተለቀቀ፣ ሌላ ሰው እንዳነሳው፣ ከእንግዲህ የእሱ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ሰረቀ በይኛ።»

«አልሰረቀም። እስኪለቀቅ ጠብቆ ያዘው፤ ደንቡ ይፈቅድለታል።»

«የሞተች ሴት ስም?»

«ሴት መሆኗንም አያውቅም። የሚለቅመው ማሽን ነው። ሰው ሲገባበት የነበረ ስም ከሆነ ይበቃዋል።»

«ማሽን ቁማር አይጫወትም፤ ከኋላው ሰው አለ። ሰው ካለ ደግሞ» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ሽማግሌ ይላክበታል።»

የት ነው የሚላከው? ሰውየው አገሩ አይታወቅ፣ ስሙ አይታወቅ። ይህን ሁሉ ስዘረዝር ከአፌ አመለጠኝና ገጹ ሥር «ስለዚህ ስም ሊያነጋግሩን ከፈለጉ እዚህ ይጻፉ» የሚል ቦታ እንዳለ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የሚመልሳቸው አልነበረም።

መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ጠብቀው ሦስት ሽማግሎች ከደባርቅ መጡ። የደብሩ መሪጌታ፣ ድሮ የቀበሌ ዳኛ የነበሩ አንድ አዛውንትና ለእንግዶች በቅሎ የሚያከራዩ የአጎቴ ጎረቤት ናቸው። አጎቴ በር ላይ ቀሩ፤ ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። ወንበር አቀረብኩላቸው። የተቀመጠ የለም።

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ።

«ማነው እሺ የሚለው? እኔ ነኝ?»

«እሱ ነዋ» ብለው ኮምፒውተሩን አሳዩኝ።

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ተማሪዎች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። አፈርኩ። ሽማግሎቹ ሦስቱም እጃቸውን አጣምረው፣ ሴት ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ ሁሉ፣ ስክሪኑ ፊት ቆመዋል። ለዚህ ሁሉ ያበቃን የአንድ ዓመተ ምሕረት ጉዳይ መሆኑን ሳስብ ጸጉሬን ብነጭ ደስ ይለኝ ነበር። ቶሎ ልገላገል ብዬ «በሉ ይናገሩ፤ በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለማናውቅህ ወንድማችን። እኛ ተልከን የመጣን ሽማግሎች ነን። የያዝኸው ስም የአንዲት ደግ ሴት ስም ነው። ሳታውቅ እንደያዝኸው እናምናለን፤ ሳያውቁ የያዙትን መመለስ ነውር የለውም። ዕቃ ቢሆን ለአንተ ይሁንህ ባልን ነበር። እሷ መጥታ ስሜን መልስልኝ አትልህምና፣ ስለ እሷ እኛ ቆመናል።»

እየጻፍኩ ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ተማሪዎቹም ሳቃቸውን ተዉ። ጽፌ ጨረስኩና ላክሁት።

መልሱ ዛሬ ላይመጣ ይችላል ልላቸው አፌን ስከፍት ኮምፒውተሩ ጮኸ። ሦስቱም ወደፊት ተጠጉ። «ምን አለ? ምን አለ?»

ስለ ፍላጎታችሁ እናመሰግናለን፤ የምትሰጡትን ዋጋ ጻፉ ይላል። ለማለሳለስ ሞከርኩ፤ ግን በየትኛው አማርኛ ይለሳለሳል? እንዳለ ነገርኳቸው።

«ዋጋ?» አሉ ዳኛው።

«ሽማግሌ መሆናችንን አልተረዳው እንደሆን» አሉ መሪጌታ፣ «እስቲ አንዴ ድገሚለት።»

«አባቴ፣ ያነበበው ሰው የለም። ለመጣው ሁሉ በራሱ የሚሄድ መልስ ነው።»

መሪጌታ ስክሪኑን ትንሽ አዩት። «እንግዲያ ማንን ነው ስንለምን የቆየነው?»

ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ቀሩ፤ ሽማግሎቹ ሳይቀመጡ ወጡ።

ከዚያ በኋላ እኔው ብቻዬን ተጻጻፍኩ። በስተመጨረሻ የጠሩት ዋጋ አጎቴ ማረፊያውን ከነአልጋው ቢሸጡት የሚሞላ አልነበረም። ሌላ መላ አመጣሁ። ያው ስም መጨረሻው ዶት ኔት ሆኖ ክፍት ነበርና እሱን እንያዝ አልኳቸው።

«ያኛውስ ይዘጋል?» አሉኝ።

«አይዘጋም።»

«እንግዳው ስሟን በር ላይ አይቶ ስልኩ ላይ ሲጽፍ የቱ ይመጣለታል?»

ስለ ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር። «ብዙ ሰው ዶት ኮም ብሎ ነው የሚጽፈው» አልኳቸው። ዶት ኔቱን ያዢም፣ ተዪውም አላሉኝ።

ለሰኔ ሚካኤል ደባርቅ ወጣሁ። ከመኪና ወርጄ ወደ ማረፊያው ስደርስ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ወጥቶ የበሩን ጽሑፍ ይፍቃል። መሰላሉን የያዙለት አጎቴ ናቸው። የአክስቴ ስም ግማሹ ሄዷል፤ «ያለም» የሚለው ብቻ ቀርቷል።

«አያ! ምን እያደረጉ ነው?»

መሰላሉን ሳይለቁ ዞረው አዩኝ። «አንቺው አይደለሽም ያልሽኝ? ሰው ስሙን ያያል፤ አይቶ ይጽፋል፤ ሲጽፍ እዚያ ይገባል። እዚህ ካላየው አይጽፈውም።»

«ቤቱ እኮ የእሷ ነው!»

«የእሷማ ነው። ስሟን ከእጃቸው ማስጣል አቃተኝ። ሰው እንዳይሄድባት መንገዱን ልዝጋላት እንጂ ሌላ ምን አቅም አለኝ?»

ሰውየው መፋቁን ቀጠለ። እኔ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በቤት፣ በኪራይ፣ በንግድ ፈቃድ እየመሰልኩ ሳስረዳቸው እንቢ ያላቸው ነገር ያን ቀን ጥርት ብሎ ገብቷቸው ነበር። ባይገባቸው ይሻለኝ ነበር።

አሁን ማረፊያው ሌላ ስም አለው። እሳቸውም ለምደውታል፤ ቢያንስ ለእንግዳ ሲናገሩ አይደናቀፉም። እኔ ለደንበኛ ስም ሳስመዘግብ የሚያልቅበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ እሰጣለሁ። አሁንም በጎሪጥ የሚያየኝ አለ፤ ግን እንደ ድሮው አልቆጣም።

ሰሞኑን የዚያ ስም ዓመት ይሞላ ነበር። ምናልባት ይረሱት ይሆናል ብዬ ጠዋት ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆኖ ሰነበተ። አልረሱትም። ቀኑ ሳይደርስ አድሰውታል። እኛ እንወዳታለን የምንለው ያሳለፍነውን ቀን፣ ማን እንደሆነች የማያውቁት ሰዎች አላሳለፉትም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።