ባዶው የወንበር ግማሽ

ሰፈርተኛው «ጋሽ መቀስ» ነው የሚለው። ምላሱም እንደ መቀሱ ነው፤ ጨርቅ ሲቆርጥ ሰውም አብሮ ይቆርጣል። አዲሱ የልብስ ስፌት ቤቱ በሚመረቅበት ጠዋት ግን ያ ሁሉ ምላስ ተሳስሮ አንዲት ልጁ ፊት ቁጭ አለ።

«አባዬ፣ እንግዶቹ ፊት ድሮ የኖርንበትን ያንን የሚያፈስ ቤት እንዳታነሳ» አለችው ኮሌታውን እያስተካከለች። «ስለ ሱቁ፣ ስለ ሠራተኞቹ ተናገር። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።»

«ቤቱስ ይቅር። እናትሽንስ?»

ከትከሻው ላይ የክር ቁራጭ ለቀመች።

ያኔ፣ በዚያ ቤት ሳሉ፣ እግሩ ተሰብሮ የስፌት መኪና መርገጥ አቅቶት ነበር። ሚስቱ ከወንበሩ ግማሹን ይዛ ፔዳሉን ትረግጣለች፤ እሱ ጨርቁን ይመራል። ለአንድ መኪና ሁለት ሰው!

«ሞተሬ፣ ቀስ በይ!» ሲላት፣

«ሞተር ነዳጅ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ አብላኝ!» ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። የሚበላው ግን የለም።

ፔዳሉ ነካ ሲደረግ ብቻ የሚሄድ ባለ ሞተር መኪና የገዛው እሷን ከቀበረ በኋላ ነው። ሰው አፉን ሞልቶ በሚያወራለት ሀብት ውስጥ እሷ አንዲት ቀን እንኳ የለችም። ያለችው እዚያ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት ቤት ውስጥ ነው። እሱ ዛሬም ሲሰፋ የወንበሩን ግማሽ ባዶ ይተዋል። ሠራተኞቹ፣ «ጋሼ፣ ወንበሩ የራስዎ ነው እኮ፤ ደህና አድርገው ይቀመጡበት!» እያሉ ይስቁበታል።

«ረስቻት መሰለህ?» አለች ልጅቱ በመጨረሻ። «እግራችሁ ሥር እተኛ ነበር። እናቴን ሳል ሲይዛት ፔዳሉ ቀጥ ይላል። ያኔ ‘ሞተች’ ብዬ እባንናለሁ። እንዳታነሳው የምለው ለዚህ ነው።»

ለልጁ ሲል እንዳለችው አደረገ። እንግዶቹ ፊት ስለ ሱቁ ብቻ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ አዲሱን መኪና በእጁ እንዲያስጀምር ጋበዙት። ጨርቁን መርፌው ሥር አስገብቶ፣ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ሸሸት አለና ጠበቀ።

«ሞተሬ፣ ቀስ በይ» አለ፣ ሳያስበው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ደግሞ ሞተሬ ማናት?» አለ አንዱ ደንበኛ።

«እናቴ ናት» አለች ልጅቱ።

ሳቁ ቀጥ አለ። መጥታ ባዶው ግማሽ ላይ ተቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠችው። አላወቀችበትም፤ መኪናው ፈረጠጠ፣ ስፌቱ ተጣመመ። አባትየው ግን «ቀስ በይ» አላላትም። እንዳይቆም ብቻ ፈርቶ፣ እያለቀሰ ጨርቁን መራላት።

ያንን ጠማማ ስፌት እስከ ዛሬ አልፈታውም።