የአማቴ ጥምቀት በሶደሬ

ጥምቀት ለመዳን ግድ ነው፣ አይደለም የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር አፌን መያዝ አይሆንልኝም። ተከራካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ጥቅስ ይወራወራሉ። እኔ ጥቅስ አላበዛም፤ አማቴ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ያለው ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር። የምንሰበሰበው በየቤቱ፣ መጋረጃ ጋርደን ነው። መዝሙር በሹክሹክታ መዘመር ያኔ ለመድን። አሜን እንኳ የምንለው በአፍንጫችን ነበር ማለት ይቻላል። የባሌ እናት ከአቦምሳ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነው። ገጠር ተወልደው በአያቶቻቸው ልማድ ያደጉ ናቸው፤ ክርስትና ተነስተው አያውቁም። በዚያ ሹክሹክታችን መካከል ተቀምጠው ሰሙና አመኑ። ወዲያውም "አጥምቁኝ" አሉ።

ሐኪሙ ልባቸው መድከሙን ነግሮናል። ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸው ያብጣል። ስለዚህ ነገሩ ለከርሞ የሚባል አልነበረም። የጸሎት ቤታችን መሪ ግን ፈራ። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አንድ ጊዜ በእምነቱ ታስሮ ወጥቷል፤ ቢፈራ አይፈረድበትም።

"እማማ፣ የሚያድነው እምነት ነው እንጂ ውሃ አይደለም" አላቸው። "ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ መቼ ተጠመቀ? ገነት ግን ገብቷል።"

አማቴ ለመልስ አይቸኩሉም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ወንበዴውማ እጁ ተቸንክሮ ነበር። የእኔን እጅ ማን ቸነከረው?"

ባሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። መሪያችንም፣ እንግዲያው እዚሁ ቤት በር ዘግተን በበርሜል ውሃ እናጥምቅዎት አለ። ይሄ ደግሞ ባሰ።

"እኔ ጠላ ነኝ እንዴ በበርሜል የምጠነሰሰው? ሰው በሰው ፊት ነው የሚጠመቀው። እልል ያልተባለበት ሠርግ ምን ሠርግ ነው?"

እውነቱን ለመናገር ተናድጄባቸው ነበር። ባሌ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ልጆቼ ገና ትንንሽ ናቸው፤ እኚህ ሴትዮ ሊያስበሉን ነው አልኩ በሆዴ። የሶደሬን ሐሳብ ያመጣሁት ግን እኔው ነኝ። እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊት ሶደሬ ሄደው ለብ ያለው ገንዳ ውስጥ ቢገቡ ማን ምን ይላል? አገር ምድሩ እየሄደ የሚነከርበት ውሃ ነው።

እሑድ ዕለት እንደ ሽርሽረኛ ዳቦና ብርቱካን ይዘን አውቶቡስ ተሳፈርን። ብርቱካኑን ገና ከመድረሳችን ጦጣዎቹ ዘረፉን። ገንዳው ዳር ስንደርስ ግን ስለ ብርቱካኑ ማሰብ ተውኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ጸሎት ቤታችንን በገዛ እጁ ያሸገው ሰው፣ በቁምጣ ውሃው ውስጥ ቆሟል።

"እንመለስ" አልኳቸው በጆሯቸው።

"አንቺ ከፈለግሽ ተመለሺ" አሉኝና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ደረጃውን ወረዱ።

መሪያችን ምን ያድርግ፣ ተከተላቸው። ውሃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ ቆሙ። የመሪያችን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ የለውም። ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሲያስተኛቸው እግሩን አዳለጠውና ሁለቱም አንድ ላይ ሰመጡ። ጮህኩ። ጩኸቴን ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ ውሃውን እየገፋ ደርሶ አማቴን በብብታቸው ይዞ ብድግ አደረጋቸው። ገንዳው ዳር የነበሩ ሴቶች፣ ክርስቲያኗም እስላሟም፣ አሮጊቷ ከመስጠም ተረፉ ብለው እልልታውን አቀለጡት። ወንዶቹ አጨበጨቡ።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትገድላቸው ነው እንዴ?" ብሎ ሊቀመንበሩ መሪያችን ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ደህና ነዎት፣ እናቴ?" አለ።

አማቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ውሃው ከፊታቸው እየወረደ ጉንጩን ይዘው ሳሙት።

"ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ" አሉት። አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ገብቶት አንገቱን ደፋ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሁላችንም ፊታችን በርቷል፤ መሪያችን ብቻ ተክዟል።

"እማማ፣ አልጨረስኩትም እኮ" አላቸው ቀስ ብሎ። "በአብ በወልድ እንዳልኩ ነው የሰመጥነው። ሌላ ቀን እንደገና..."

"ተወው፣ ልጄ። የቀረውን እታች ሆኜ እኔው ጨርሼዋለሁ።"

ተሳፋሪው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። እኔ ከሳቄ ጋር እንባዬም መጣ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ንዴቴም የት እንደገባ እንጃ። እኚህ ሴት ለመዳን ብለው አልነበረም ውሃ ውስጥ የገቡት። ከዳኑ ቆይተዋል፤ መደበቁ ነው ያልሆነላቸው። ለተከራካሪዎቹም የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

አማቴ በዚያው ክረምት በእንቅልፋቸው አረፉ። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ሰፈርተኛው ሁሉ ለቅሶ ተቀምጧል። እኛ ግን በገዛ ሐዘናችን እንኳ እየፈራን፣ ስለ እምነታቸው አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ተቀምጠናል። ሊቀመንበሩ መጣ። ጥቂት ተቀምጦ ብድግ አለ።

"እኚህን እናት አውቃቸዋለሁ" አለ ለለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ። "ሶደሬ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእነዚህ እጆቼ ከውሃ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።"

ባሌን አየሁት። መሪያችንን አየሁት። ማን እንደጀመረ አላውቅም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስንት ዘመን በአፍንጫችን ስናንሾካሹክ የኖርን ሰዎች፣ ድንኳኑ እስኪሞላ ጮክ ብለን "አሜን!" አልን።

ሊቀመንበሩም አብሮን አሜን አለ።