የአባቴ ድንገተኛ

ባለፈው ዊንተር ነው። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ እስቃለሁ፣ ከዚያ አባቴ ይናፍቀኛል።

ሆዴ ለዓመታት አስቸግሮኛል። ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፤ ከሰፈሬ ከሳድል ሪጅ ባቡር ከመሳፈሬ በፊት የምሄድበት ቦታ ሽንት ቤት መኖሩን አጣራለሁ። ዶክተሩ ሁሉን መርምሮ «አንጀትሽ ቶሎ ይቆጣል እንጂ ሌላ ነገር የለብሽም» ብሎኛል። እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ የተወለደችው ልጄ ሜሮን ግን አላመነችም። ክፉ በሽታ የደበቅኳት ይመስላታል፤ ሽንት ቤት ከቆየሁ በሩን ታንኳኳለች።

በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ ሰንሪጅ አካባቢ ካለ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ቤት ወሰደችኝ። አሮጊቷ ባለሙያ ምላሴን አየች፣ የእጄን ትርታ አዳመጠች፣ ቀቅዬ የምጠጣው ሥርና ቅርፊት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ቤት ገብቼ ጣድኩት። ሽታው አይጣል ነው! ካልተቀቀለው አንዱን ቢጫ ሥር አንስቼ አኘክሁ። ጣፈጠኝ፣ ቆየት ብሎ መረር አለኝ። በስመአብ! ድንገተኛ!

ድንገተኛ ማለት ልጅ ሆኜ ሆዴን ሲቆርጠኝ አባዬ ከኮቱ ኪስ የሚያወጣት ሥር ናት። በሰንጢ ቆረጥ አድርጎ «ውኃውን ዋጪ፣ እንጨቱን ትፊ» ይለኝና፣ ሕመሙ እስኪተወኝ ሆዴን ያሸኛል። እሱ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ጣዕም አፌ ገብቶ አያውቅም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ «ወይኔ አባዬ! ድንገተኛ! ድንገተኛ!» እያልኩ አለቀስኩ።

ሜሮን ከፎቅ እየበረረች ወረደች። ልጄ የምታውቀው ድንገተኛ አንድ ብቻ ነው፣ የሆስፒታሉ። 911 ደወለች።

ሁለት ግዙፍ የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው ደም ግፊቴን ሲለኩ፣ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ሥር አስረዳለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ደግነቱ ስቀው ሄዱ።

ሜሮን ግን አልሳቀችም። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ የምትሞቺ መሰለኝ እኮ» ብላ ተንሰቀሰቀች። እቅፍ አድርጌ ስለ አባዬ አወራሁላት። ለካ ፎቶውን እንጂ ሰውየውን አታውቀውም ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ስትጠይቀኝ አመሸን።

መድኃኒቱ ፈወሰኝ አልልም፤ ቀለል የሚለኝ ቀን ግን አለ። አሁን ሆዴን ያዝ ሳደርግ ሜሮን ስልኳን አንስታ «የቱ ድንገተኛ ነው? የሆስፒታሉ ወይስ የአያቴ?» ትለኛለች።

«የአያትሽ» ስላት ሥሩን ቆርጣ ታመጣልኛለች። አጠገቤ ቁጭ ብላም፣ በዚያ ኮልታፋ አማርኛዋ፣ «ውኃውን ዋጪ፣ እንጨቱን ትፊ» ትለኛለች።