ያለቀለት ኮምፒውተር

ፍኖተ ሰላም ስኖር ለዓመታት ኮምፒውተሬን የምገጣጥመው ራሴ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር ተበላሸብኝ ብሎ ለሚደውልልኝም ሁሉ በስልክ እመክር ነበር። መጨረሻ ላይ የገጣጠምኩት ክዳን እንኳ አልነበረውም። አንድ ቀን ባለቤቴ አቧራውን ልትጠርግ እጇን ስትሰድ ኤሌክትሪክ ያዛትና፣ «ተገጣጥሞ ያለቀለት ኮምፒውተር ግዛ፤ አለዚያ እናቴ ቤት እገባለሁ!» አለችኝ።

ቡሬ ሄጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከነካርቶኑ አዲስ ዴስክቶፕ አቀረበልኝ። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ፣ «እስኪ ክዳኑን ክፈተውና ሆዱን ልየው» አልኩት።

«ጋሼ፣ የታሸገ እኮ ነው! ሙሽራ ገና ቤቷ ሳትደርስ ትገለጣለች እንዴ?»

ስለ ራሙ ጠየቅኩት፤ ስለ ፓወር ሳፕላዩ ጠየቅኩት፤ ካርቶኑን አንስቼ ወዘወዝኩት። ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ። «ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» ስለው ግን ፊቱ በራ።

«እሱን ለእኔ ይተዉት! ፍኖተ ሰላም አንድ ባለሙያ አለ። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ግን ስቸገር እደውልለታለሁ። ትዕግሥቱ ለጉድ ነው፤ እንደ እርስዎ ሰው አይነዘንዝም!»

ወዲያው ደወለና ስልኩን ዘረጋልኝ። «እንኩ፣ ራሱ ይንገርዎ።»

ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ጮኸ።