ያልተከፈተው መርዶ

የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ አርጅተው ሥራውን ሲተዉ፣ «እኔ አለሁ» ብዬ ጥልቅ ያልኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ቀን ቀን ቢሮ የስልክ አፕ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለዕድሩ አንድ ሠራሁ። መርዶው በየአባሉ ስልክ እንዲደርስ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ አሳመርኩት፦ የሟች ትልቅ ፎቶ፣ የምትንቀጠቀጥ ሻማ፣ ጌጠኛ ፊደል። በእኔ ስልክ ሲታይ ሞት እንኳ ያምር ነበር።

የጎረቤታችን የእማማ ስልክ ግን የልጅ ልጃቸው ጥላላቸው የሄደችው አሮጌ ነው፤ ሚሞሪው ጢም ያለ። ራሴ ጫንኩላቸውና «ከእንግዲህ ጡሩንባ አይጠብቁ፣ ይሄ ይነግርዎታል» አልኳቸው። አመኑኝ።

ራቅ ብሎ ሳንሱሲ ሰፈር ልጃቸው ቤት ይኖሩ የነበሩት የዕድራችን አባልና የእማማ የልጅነት ጓደኛ ያረፉ ዕለት፣ የእማማም ስልክ ጮኸ። ከፈቱት። ነጭ ሆኖ መሀሉ ላይ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል። ፎቶው ካልመጣ ጽሑፉ አይታይም፤ እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ። እማማም «የልጆች ነገር ነው» ብለው ወደ ልብስ አጠባቸው ተመለሱ። ዕድርተኛው ቀድመው የሄዱ መስሎት ጥሏቸው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ጥቁር ለብሰው በ18 ማዞሪያ በኩል ከቀብር ሲመለሱ እማማ አይተው «ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

እኔ ቤት መጡ። ምነው በጮኹብኝ! «ልጄ፣ አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ» አሉና የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስልካቸውን ተቀብዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከቢሮ ዝዬ እገባለሁ፣ ልብሴን ሳልቀይር መቀነስ ነው። ሻማውን ጣልኩ። ፎቶውን ጣልኩ። ፊደሉንም። ግማሹን የጻፍኩት ሰው እንዲያደንቀኝ ብቻ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ኤጭ፣ እንዴት ይታክታል! ከሳምንታት በኋላ ስም፣ ቤተ ክርስቲያንና ሰዓት ብቻ ቀረ።

ወስጄ አሳየኋቸው። ገና ሲነኩት ቦግ አለ።

«አዩ እማማ? አሁን የማንም መርዶ ቢሆን ቶሎ ይነግርዎታል።»

«ጎሽ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው። ትንሽ አገላብጠው አዩትና ስልኩን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እኔ እንዳያመልጠኝ የምፈልገው ቀብር የእሷ ብቻ ነበር፣ ልጄ። እንግዲህ የምጠብቀው የራሴን ነው፤ እሱን ደግሞ ለሌላው ይንገርልኝ።»