ከሌሎቹ የራቀችው ነጥብ

«ቲቸር፣ ያቺ ነጥብ ስህተት ናት፤ ያጥፏት!» አሉ ዛሬ ጠዋት ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር የማስተምራቸው ተማሪዎች በአንድ ድምፅ።

ሁሉም የቤታቸውን ርቀትና ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ በከፈትነው የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብተው፣ ግራፉን በፕሮጀክተር እያየን ነበር። (ኔትወርኩ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ አለመቋረጡ ራሱ ተአምር ነው!)

ነጥቦቹ አንድ መስመር ተከትለው ተሰለፉ። አንዷ ብቻ ርቃ ወደ ላይ ወጣች፤ ቤቱ ቅርብ፣ ጊዜው ግን ሁለት ሰዓት።

ልሰርዛት ስል ሐና ከኋላ ተነሳች። በየቀኑ ስለምታረፍድ የምቆጣት ልጅ ናት።

«ስህተት አይደለም ቲቸር። እናቴ ታማለች፤ መጀመሪያ ታናሽ እህቴን በማታቱ ታክሲ ኪሊማኒ ያለው ትምህርት ቤቷ አድርሼ ነው የምመጣው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀውኝ አያውቁም።»

እዚያው ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ወዲያው አንዷ ጓደኛዋ፣ «እኛም ወንድሜን እዚያው ትምህርት ቤት ነው የምናደርሰው፤ ከነገ ጀምሮ እህትሽ ከእኛ ጋር በመኪና ትሂድ» አለቻት።

በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ብቻ ባስተምር ኖሮ ይህችን ነጥብ ማን ያያት ነበር? ከዛሬ በኋላ ኮምፒውተሩን ከሒሳብ ክፍሌ የሚያስወጣ የለም።

እናንተስ ስህተት መስሏችሁ ልትሰርዙት ስትሉ እውነት ሆኖ ያገኛችሁት ነገር አለ? እስቲ ጻፉልኝ።